ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ፦ የተላከላችሁ ዕቃ ሲዘገይ ወይ ሲጠፋ እንዴት እንደምትፈልጉት

ዕቃ ተልኮላችሁ ድምፁ ለጠፋባችሁ ነው ይሄን የምፅፈው። ከአዲስ አበባ በመኪና ይሁን፣ ከውጭ በፖስታ ይሁን፣ እህት ከሳዑዲ በካርጎ የላከችው ይሁን፣ እኛ ጋ የተለመደው ነገር አንድ ነው፤ "አብሽር ይመጣል" እየተባለ ሳምንት ይሄዳል፣ ከዛ ላኪና ተቀባይ ይኳረፋሉ፣ ከዛ "በቃ ጠፋ" ተብሎ ይተዋል። ይሄ በጣም ያናድደኛል ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጠፋ የተባለው ዕቃ የሆነ መጋዘን ጥግ ወይ የሆነ ሱቅ ውስጥ ባለቤት አጥቶ ቁጭ ብሎ ነው ያለው። ዕቃ የሚቀረው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው። ስለዚህ "ዕቃዬ የት ደረሰ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "መጨረሻ ላይ ማን ተረከበው፣ መቼ፣ በምን ወረቀት" ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄን ጥያቄ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፣ ሰው ሳይረሳው።

በመኪና የተላከ ከሆነ

ከአዲስ አበባ የሚመጣልን ነገር ብዙው በአውቶብስ፣ በሚኒባስ ወይ በአይሱዙ ነው፣ ፈጣንም ርካሽም ነው ግን ወረቀት የማይቆረጥለትም እሱ ነው። እስቲ መንገዱን አስቡት፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ አድርጎ መጀመሪያ የሚገባው ኮምቦልቻ ነው፣ ከዛ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ፣ በጠቅላላ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ረዳቱ የኮምቦልቻውን ሰው ዕቃ ማውረድ ከረሳ ዕቃው ደሴ ይወጣል፣ መኪናው ወልዲያ ወይ ከዛ በላይ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ የደሴውም ሰው በሰዓቱ መናኸሪያ ካልጠበቀው ዕቃው ወልዲያ ሄዶ ያድራል። ሌላው የጭነት መኪና ነው። ኮምቦልቻ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ደሴ አንዱ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ስለዚህ የጅቡቲ መስመር የሚሰራ ሾፌር "በናንተ በኩል ነው የማልፈው" ሲል እውነቱን ነው ግን ደሴ አይወጣም፣ ኮምቦልቻ የሚያውቀው ሰው ጋ ጥሎላችሁ ይቀጥላል፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ስሙንና ስልኩን ካልያዛችሁ ዕቃው እዛው ይከርማል።

ስለዚህ ላኪው ገና ዕቃውን ሲያስረክብ የታርጋውን ፎቶ ያንሳ፣ የሾፌሩንም የረዳቱንም ስልክ ይያዝ (ሁለቱንም፣ ረዳት ይቀያየራል)፣ መኪናው መጨረሻ የሚገባበትን ከተማ ይጠይቅ፣ ዕቃው ከላይ ይሁን ከሥር ሳጥን ውስጥ የት ጋ እንደተጫነ ይይ። ሂሳቡን ከተቻለ ተቀባይ እንዲከፍል ተነጋገሩ፣ ረዳቱ ገንዘቡን የሚያገኘው ሲያስረክብ ከሆነ እሱ ራሱ ነው ደውሎ የሚፈልጋችሁ። ዕቃው ላይ በወፍራም ማርከር የከተማውን ስም፣ ሙሉ ስምና ሁለት ስልክ ይፃፍ፣ ፌስታል ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ዝናብ ወይ መጎተት አይችልም፣ ማዳበሪያ ወይ ካርቶን ላይ ፅፎ ከላዩ ስኮች መለጠፍ ይሻላል፣ አንድ ተመሳሳይ ወረቀት ደግሞ ውስጡ ይግባ።

ካልደረሰ መጀመሪያ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣሩ፣ ምክንያቱም በፀጥታ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ መኪናው ሲቆም ረዳቱን መሳደብ ዋጋ የለውም፣ ስልኩን ያጠፋባችኋል። መንገዱ ክፍት ከሆነ በቀጥታ ለረዳቱ ደውላችሁ በትህትና እንዲህ በሉ፦ "ወንድሜ፣ ትናንት ጠዋት ከላምበረት ጥቁር ማዳበሪያ ተሰጥቶህ ነበር፣ ሰይድ መሐመድ የሚል ተፅፎበታል፣ ለማን አስረከብከው?" ካላነሳ መኪናው የሚሰራበት ድርጅት ትኬት ቢሮ ሂዱ፣ ድርጅት ከሌለው መናኸሪያው ስምሪት ጋ ታርጋውን ይዛችሁ ሂዱ፣ መቼ እንደሚመለስ ተራውን ያውቁታል። ታርጋ የሌለው ሰው ግን ምንም የሚጨብጠው ነገር የለውም፣ ለዛ ነው ፎቶው።

በፖስታ ቤት ከሆነ

የኛ አገር ፖስታ የሚሰራው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፣ ቤት ድረስ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። የራሳችሁ ሳጥን ከሌላችሁ የመስሪያ ቤታችሁን ወይ የትምህርት ቤታችሁን ሳጥን ትጠቀማላችሁ፣ ያኔ ሳጥኑን ማን ነው የሚከፍተው የሚለውን እወቁ፣ ብዙ ደብዳቤ እኮ ፖስታ ቤቱ በትክክል አድርሶት መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው አቧራ የሚጠጣው። የሚከታተል ሰው ካላችሁ በስሙ ሰላም በሉት፣ ስልካችሁን ስጡት።

ከውጭ ለሚመጣ ነገር ዋናው ትራኪንግ ቁጥሩ ማለትም የመከታተያ ቁጥሩ ነው። በዓለም አቀፍ ፖስታ የሚሄድ ከሆነ 13 ፊደልና ቁጥር አለው፣ መጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደል፣ መሀል 9 ቁጥር፣ መጨረሻ ሁለት ፊደል። መጨረሻዎቹ ሁለቱ የተላከበት አገር ናቸው፣ የኢትዮጵያ ኢቲ፣ የቻይና ሲኤን፣ የሳዑዲ ኤስኤ። መጀመሪያው ኢ ከሆነ ኢኤምኤስ ነው ማለትም ፈጣኑ፣ አር ከሆነ አደራ ደብዳቤ፣ ሲ ከሆነ ጥቅል። በዩ የሚጀምር ከሆነ ግን በመንገድ ላይ ክትትል የማይደረግለት ርካሽ ፓኬት ነው፣ ቻይና ሱቆች ላይ "ነፃ ማድረሻ" ተብሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ አይነቱ ነው፣ ከላኪው አገር ከወጣ በኋላ ምንም ባታዩ አይግረማችሁ።

ትራኪንጉ ላይ ኢትዮጵያ ገባ ሲል አዲስ አበባ ገባ ማለት ነው፣ ደሴ አይደለም። ጉምሩክ ያየዋል፣ ከዛ ነው ወደኛ የሚላከው፣ ስለዚህ "ገብቷል ይላል ለምን አትሰጡኝም" ብሎ ደሴ መስኮት ላይ መጣላት የሰራተኛውንም የናንተንም ቀን ማበላሸት ነው። ሰዓቱንም ልብ በሉ፣ እዛ ላይ 14፡00 ያለው በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው፣ በኛ ቆጥራችሁ "ወር አለፈው" ብትሉ ሰራተኛው ሲያየው ሁለት ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሌላውንም ነገር ሳያምናችሁ ይቀራል።

ከዘገየ አቤቱታውን የሚያስገባው ላኪው ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም ጀምሮ የዓለም ፖስታ ህብረት አባል ስለሆነች ደንቡ እኛንም ይመለከታል፣ ላኪው ባስገባበት ፖስታ ቤት ሄዶ ሲኤን 08 የሚባለውን ፎርም ይሞላል፣ ዕቃውን ካስገባበት ማግስት ጀምሮ 6 ወር ድረስ ይቀበሉታል፣ ከዛ ሁለቱ አገሮች ፖስታ ይፃፃፋሉ። ካሳ ካለም ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ለላኪው ነው። እናንተ ደሴ ሆናችሁ ማድረግ ያለባችሁ ላኪውን ቶሎ መቀስቀስ ነው፣ "እስቲ ትንሽ ልጠብቅ" እያላችሁ 6 ወሩ ካለፈ ማንም አይሰማችሁም።

ልትረከቡ ስትሄዱ ደግሞ ጥቅሉ የተከፈተ ወይ እንደገና የታሸገ ከመሰላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እንዲመዘን ጠይቁ፣ ላኪው ሲያስገባ የተመዘነው ኪሎ ላዩ ላይ ተፅፏል፣ ከጎደለ እዛው ፎቶ አንስታችሁ በፅሁፍ አስይዙ፣ ፈርማችሁ ቤት ወስዳችሁ ከከፈታችሁት በኋላ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው።

ስምና አድራሻ

ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ግማሹ ጣጣ ከዚህ ነው። ደሴ ውስጥ ሰይድ መሐመድ ብሎ አንድ ሰው ብቻ ማግኘት አይቻልም፣ ፒያሳ ቆማችሁ ብትጠሩ ስንቱ ዞር ይላል፣ ስለዚህ እስከ አያት ይፃፍ፣ አፃፃፉም መታወቂያችሁ ወይ ፋይዳችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። እህታችሁ ቤት ውስጥ በምትጠራችሁ ስም ከላከች መስኮቱ ላይ ያለው ሰው አልሰጥም ቢል ልክ ነው፣ ለሌላ ሰው ቢሰጠው እኮ እናንተው ናችሁ የምትከሱት።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ "ወሎ" የሚለውን እንዳትረሱ፣ ምስራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ የሚባል ቦታ አለ። በአውሮፕላን የሚመጣውም ያደናግራል፣ የአየር ማረፊያው ኮድ የተወሰደው ከደሴ ነው ግን ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው፣ ስለዚህ በአየር ካርጎ "ደሴ ገብቷል" ሲሏችሁ የደሴውን ቢሮ ከመዞር በፊት ኮምቦልቻ ደውሉ። ሐረጎን ለከንቱ መውረድና መውጣት በተለይ ክረምት ላይ በዛ ጉም አይመከርም።

ከአረብ አገር በካርጎ ከሆነ

ይሄኛው ነው ልቤን የሚያሳዝነው። ልጅቷ ሰው ቤት ሰርታ ባጠራቀመችው ለእናቷ ብርድ ልብስ፣ ለወንድሞቿ ጫማ ገዝታ ትልካለች፣ ከዛ ወራት ያልፋሉ፣ እናት ልጄ ረሳችኝ ትላለች፣ ልጅ በሉብኝ ትላለች። መጀመሪያ የሚጠየቀው በአየር ነው በባህር የሚለው ነው። በባህር ከሆነ ኮንቴነሩ እስኪሞላ ይጠበቃል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ከዛ ደረቅ ወደብ ገብቶ ጉምሩክ ያየዋል፣ ወራት ቢፈጅ የግድ ጠፋ ማለት አይደለም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስላለን አንዳንዱ "እዛ ገብቷል ሄዳችሁ አውጡ" ይላል፣ ግን ከወደብ ማውጣት የሚችለው ጭነት ወረቀቱ ላይ በተቀባይነት ስሙ ያለው ሰው ነው፣ የብዙ ሰው ዕቃ ተሰብስቦ ሲላክ ያ ስም የካርጎው ድርጅት ወይ የወኪሉ ነው። ስለዚህ ወኪሉን ነው የምትይዙት፣ የት ቢሮ አለው፣ ንግድ ፈቃድ አለው ወይ፣ ደረሰኙ ላይ ኪሎው፣ የካርቶኑ ብዛትና ዝርዝሩ አለ ወይ። እህቶቻችሁ ሳይልኩ በፊት ይሄን ንገሯቸው፣ ካርቶኑ ሲታሸግ በቪዲዮ ትቅረፀው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። የማታውቁት ሰው ደውሎ "ከውጭ ስጦታ መጥቶልሻል ቦሌ ጉምሩክ ተይዟል፣ በዚህ ቴሌብር ይሄን ያህል ላኪ" ካለ ማጭበርበር ነው። ቀረጥ ለግለሰብ ስልክ አይከፈልም፣ ለመንግስት በደረሰኝ ነው የሚከፈለው። እናቶቻችሁን ንገሯቸው፣ ልጅ ውጭ ያላት እናት እንዲህ አይነት ስልክ ሲደወልላት ቶሎ ታምናለች።

ቴሌግራም ላይ የገዛችሁት

ሻጩ "ለመኪና ሰጥቼዋለሁ ከዚህ በኋላ አያገባኝም" ይላል። ያገባዋል፣ ቢያንስ ለማን እንደሰጠው ማሳየት አለበት። የታርጋ ፎቶና የረዳት ስልክ ካልላከላችሁ አልሰጠም ማለት ነው ብላችሁ ያዙት። የክፍያውን ስክሪንሾትና ቻቱን ወዲያው አስቀምጡ፣ ብሎክ አድርጎ ሊያጠፋው ይችላል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ሻጩ ሱቅ ያለው ነጋዴ ከሆነ ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ስሙም ሱቁም ከማይታወቅ ሰው ግን ቅድሚያ ከፍሎ መግዛት ይቅርባችሁ።

በፅሁፍ አመልክቱ

በቃል የተባለ ነገር እኛ አገር ቢሮ ውስጥ የለም ማለት ነው። አንድ ገፅ ማመልከቻ ፃፉ፣ በሁለት ኮፒ። ምሬት አታብዙበት፣ እንዲህ በቂ ነው፦ "በዚህ ቀን፣ በዚህ ደረሰኝ ቁጥር፣ ክብደቱ ይሄን ያህል የሆነ ዕቃ ተልኮልኝ እስከዛሬ አልደረሰኝም። መጨረሻ የተረከበው ሰው ወይም ክፍል ማን እንደሆነ በፅሁፍ እንዲገለፅልኝ አመለክታለሁ።" አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጋችሁ ያዙ። ያ ቁጥር ካላችሁ በሚቀጥለው ስትሄዱ ኃላፊው ጋ ስለ ቁጥሩ ነው የምታወሩት፣ "ማነው የነገረህ፣ መቼ መጣህ" የሚለው ጥያቄ አይነሳም። እኔ አንዴ ከአንድ ድርጅት ጋር ወራት በስልክ ተመላልሼ ምንም ያላገኘሁትን ነገር በዚች ወረቀት ነው ያገኘሁት፣ ዕቃው እዛው ግቢያቸው ውስጥ ነበር። መልስ የሚሰጡበትን ቀን አስፅፉ፣ በቀኑ ሂዱ።

እናት ወይ አባት ከሆኑ ባለ ዕቃዎቹና መመላለስ ካቃታቸው ውክልና ያስፈልጋል፣ አንዳንዱ ቢሮ የሁለታችሁን መታወቂያ ካየ ይበቃዋል፣ አንዳንዱ አይበቃውም፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ወይ መድሃኒት ከሆነ ደግሞ ፍለጋውን እየቀጠላችሁ ጎን ለጎን ሌላ አስጀምሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ኮፒ ይስጥ፣ ሐኪሙ ሌላ ማዘዣ ይፃፍ፣ ቀነ ገደብ ያለበት መስሪያ ቤት ጋም ቀኑ ሳያልፍ ሄዳችሁ ማህተም ያለበትን ማመልከቻችሁን አሳዩዋቸው፣ ሲያዩት ጊዜ የሚሰጡ አሉ።