ጮቄ ላይ መኪና ውስጥ ሲያድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ ኅዳር ሲገባ ማታ ጋቢ መደረብ ይበቃል። በዚያው ቀን ሮብ ገበያ ከተማን አልፎ ጮቄ ተራራ ላይ ያደረ ሰው ግን ጠዋት የመኪናውን ቧንቧ ሲከፍት ጠብታ አይወርድለትም። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ሽቅብ በወጡ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አባቶቻችን ከደጋ በላይ ያለውን አገር «ውርጭ» ብለው ለይተው የሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ታንከርና ቧንቧ የተገጠመለት መኪና ይዤ እዚያ ብዙ ሌሊት አድሬአለሁ። ከስህተቶቹ ገሚሱን በራሴ መኪና አይቻቸዋለሁ። አንዱ ግን ነፍስ የሚያጠፋ ስለሆነ እሱን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ብርዱን በክረምት መጠበቅ

እንዲህ ላሉ መኪኖች የሚጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ የፈረንጅ አገር ናቸው፤ «ለክረምት ተዘጋጁ» ይላሉ። የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። ጮቄ በሐምሌ ጭጋግና ዝናብ ነው፤ ያ ደመና ግን ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድሩን ሙቀት ይይዛል። ውርጭ የሚወርደው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ሲል ነው። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ስለሚልጥ ሰው ይዘናጋል። አመሻሽ ላይ ደመና ከሌለ፣ ቅጠልም ካልተነቃነቀ፣ ሊነጋጋ ሲል ውርጭ እንደሚኖር ቆጥረው ይዘጋጁ።

ረባዳ ቦታ ላይ ማቆም

ሜዳማው የወንዝ ዳር ለመኪና ይመቻል። ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ እዚያው ይተኛል። ገበሬው ያውቀዋል፤ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው ረባዳው ላይ ያለውን አዝመራ ነው። ትንሽ ከፍ ብለው፣ ጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው ቦታ ላይ ያቁሙ።

ከሰል ይዞ መግባት

እባክዎ ይህን አያድርጉ። ብዙ ሰው ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ እስኪጠፋ ጠብቆ፣ ፍም ብቻ ሲሆን ያስገባል። «ጭስ የለውም፣ አይጎዳም» ይላል። ገዳዩ ግን ጭሱ አይደለም። ፍም ሆኖ የሚነደው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታም መልክም የለውም። ከደማችን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ ቦታውን ይቀማዋል። መኪና ደግሞ ከአንድ ክፍል ቤት እጅግ ያነሰ አየር ነው ያለው።

ጮቄ ላይ ነገሩ የሚብሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው 40 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ሰውነት ገና ከሰሉ ሳይገባ ተቸግሯል። ሁለተኛ፣ የመመረዙ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው፤ ከፍታ ያልለመደ ሰው የሚሰማውም ይኸው ነው። ስለዚህ «ከፍታው ነው፣ ልተኛ ይለፍልኝ» ይላል፤ የተኛው ላይነሣ ይችላል። እሳት ባለበት መኪና ውስጥ ራስዎን ካመመዎት ምክንያቱን አያጣሩ። በሩን ከፍተው ሁሉንም ሰው ያውጡ፤ የተዝለፈለፈ ካለ ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ያድርሱ። መስኮት ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። የጋዝ ምድጃውን ለማሞቂያ ብሎ አብርቶ ማደርም፣ ሞተር እያስነሱ መተኛትም ያው ናቸው።

በናፍታ የሚሠራ ማሞቂያ ለማቃጠያ የሚፈልገውን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ከሆነ፣ በትክክልም ከተገጠመ፣ ጥሩ ነው። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ግን ናፍታው በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ስለሚሠራ ለከፍታ መስተካከሉን ይጠይቁ፤ ሲጨስ ካዩት ያጥፉት። ማሞቂያ ያለው መኪና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮኸው መሣሪያም ሊኖረው ይገባል።

እኔ አሁን መኪና ውስጥ እሳት አንድጄ አላድርም። ማታ ውሃ አፍልቼ በኮዳ እሞላለሁ፣ በካልሲ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አደርገዋለሁ። ውጭ እሳት ማንደድ ለሚፈልግም አንድ ነገር ልለምን፦ አስታውን አይቁረጡ። ጮቄ ላይ የቀረው ጥቂት ነው፤ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ምንጮች የሚጠበቁት በዚህ ተክልና በጓሳው ነው።

ከላይ ደርቦ ከሥር መርሳት

ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው የሚንዘፈዘፉ ሰዎች አይቻለሁ። ብርዱ የሚገባው ከወለሉ ብረት ነው። ቡሉኮውን ከላይ፣ አጎዛውን ከሥር ያድርጉ።

ሁሉን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት

የትንፋሽ እርጥበት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ፣ ውሃውም በረዶ ይሆናል። ፀሐይ ስትወጣ ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ደግሞ በሁለተኛው ሌሊት አያሞቅም። ከላይና ከታች አንዳንድ ጠባብ ክፍተት ይተዉ፤ እራትም ውጭ ያብስሉ።

ቧንቧውን ሞልቶ መተኛት

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቧንቧ ውስጥ ተዘግቶ ከሆነ መሄጃ ስለሌለው የያዘውን ይሰነጥቃል። ትልቁ ታንከር በአንድ ሌሊት እምብዛም አይጠጥርም፤ ሰው እሱን አይቶ ይጽናናል። የሚጎዱት ቀጫጭኑ ቱቦ፣ ማጣሪያው፣ የቧንቧው አፍና ፓምፑ ናቸው፤ በተለይ ከወለል በታች ያሉት። እኔ ፓምፕ ያጣሁት በዚህ ነው። ጠዋት ሳየው ደህና ይመስል ነበር፤ ስንጥቁን በረዶው ራሱ ደፍኖት ኖሯል። 3 ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ሲበረታ ውሃው አልጋው ሥር ፈሰሰ።

ስለዚህ ሳይመሽ የሚጠጡትንና የሚያበስሉበትን ውሃ በጀሪካን ይቅዱ፤ እስከ አፉ ሳይሞሉ እርስዎ የሚተኙበት ክፍል ያስገቡት። የታንከሩን መውጫ ይዝጉ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍተው፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያለውን ማፍሰሻም ከፍተው፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ ያስነሡና ውስጡ የቀረውን ይትፋ። ከዚያ ያጥፉት፤ ቧንቧዎቹ ግን ተከፍተው ይደሩ።

ይህን ሥራ ለማቅለል ብሎ የራዲያተር አንቲፍሪዝ (ውሃው እንዳይጠጥር የሚቀላቀል ፈሳሽ) የመጠጥ ውሃው መሥመር ውስጥ መጨመር ትልቅ ጥፋት ነው። አብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ኩላሊት ግን ያበላሻል፣ ይገድላልም።

ራዲያተሩን በውሃ ማሟላት

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተር ይግላል፤ ሾፌሩም ውሃ ይጨምራል። ቆላው ላይ ምንም አይልም። ግን በየጉዞው የተጨመረው ውሃ አንቲፍሪዙን ያቀጥነዋል። እኩል በእኩል የተቀላቀለ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቋቋማል፤ ባዶ ውሃ ዜሮ ላይ ይጠጥራል፣ የሞተሩን ብረት እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ለጉድለት መሙያ የተቀላቀለውን ይያዙ፤ ውሃ ጨምረው ከሆነም ጮቄን ከመውጣትዎ በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ ያስለኩት።

ሲነጋ መቸኮል

ቧንቧው በረዶ ሆኖ ከጠጠረ ፓምፑን ደጋግሞ ማስነሣት ሞተሩን ያቃጥላል። እሳት ማስጠጋት ቱቦውን ያቀልጣል። የቧንቧውን አፍ ከፍተው፣ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከሩ ከአፉ ጀምረው ወደ ኋላ ይጠቅልሉት፤ የሚቀልጠው ውሃ መውጫ ያገኛል። ካልቸኮሉ ደግሞ መኪናውን ወደ ፀሐይ አዙረው ቁርስዎን ይብሉ። ውሃው ሲመጣ ወዲያው ከአልጋው ሥርና ከፓምፑ ዙሪያ በእጅዎ ዳብሰው እርጥበት መኖር አለመኖሩን ይዩ።