«አይቶኛል» ማለትና ሌሎች ሞተረኛን የሚጥሉ ስህተቶች

ሞተር መንዳት የማስተምራቸው ሰዎች ለጥቂት ሲተርፉ ወይም ወድቀው ሲነሡ ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ። «ቅድሚያው የኔ ነበር።» አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። መኪናው ነው የገባባቸው። ግን ቅድሚያው የማን እንደነበር የሚጣራው ሞተሩ አስፋልት ላይ ከተጋደመ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሳይወድቅ እንዲገባው ነው የምፈልገው። ስለዚህ በየጊዜው የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል። ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ስለሆነ ነው።

«አይቶኛል» ብሎ መግባት

ሾፌሩ አላያችሁም። ከዚህ ተነሡ። መገንጠያ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው መኪና አላያችሁም። ከፊት ለፊት መጥቶ መንገዳችሁን አቋርጦ ሊታጠፍ የተዘጋጀውም አላያችሁም። ከጎናችሁ እየሄደ መስመር ሊቀይር የፈለገውም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ይከራከሩኛል። «ዓይን ለዓይን ተያይተናል እኮ!» ይሉኛል። መተያየት ማረጋገጫ አይሆንም። ዓይኑ እናንተ ላይ አርፎ ልቡ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሾፌር መገንጠያ ላይ ሲቆም የሚጠብቀው መኪና ነው። ሞተር ቀጭን ናት። ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ቋሚ ብረት ጀርባ ሙሉ በሙሉ ልትደበቅ ትችላለች። ደግሞ ሰው ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ ሲገላመጥ ዓይኑ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው ይዘላል። በዝላዩ መሃል ያለውን አያይም፤ አእምሮው ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። እናንተ ያ ክፍተት ውስጥ ከገባችሁ ለሱ የላችሁም። ቢያያችሁ እንኳ ርቀታችሁን ይስታል። ትንሽ ነገር ከእውነቱ ይልቅ ሩቅ ይመስላል፣ ቀስ ብሎ የሚመጣም ይመስላል። «ቀድሜው አልፋለሁ» ብሎ ይገባል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪ ኸርት እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ ባደረገው ጥናት እሱና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው ነበር። ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች ከሦስቱ በሁለቱ ገደማ ቅድሚያ የነሳው ባለመኪናው ነው። ሞተረኛው አደጋውን ለማምለጥ የሚያገኘው ጊዜ ደግሞ ባብዛኛው ከ2 ሰከንድ ያነሰ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማየት፣ መወሰንና ፍሬን መያዝ አለበት።

አንድ ቀን ከአንዲት ተማሪዬ ኋላ በሌላ ሞተር እየተከተልኩ ነበር። ከጎን መንገድ አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አዙሮ ቀጥታ አያት። እኔም ከኋላ ሆኜ ፊቱን በደንብ አየሁት። እሷ ግን እንደነገርኳት ፊቱን ትታ የፊት ጎማውን ታይ ነበር። ሁለት ጣቷ ፍሬኑ ላይ ነው። የጎማው ብሎኖች መዞር ሲጀምሩ ያዘች። ከበሩ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ሰውዬው መስታወቱን አውርዶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ከየት መጣሽ?» አላት። አልዋሸም። እያያት አላያትም።

እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ከሾፌሩ ፊት ይልቅ የፊት ጎማውን እዩ። ሰው በፊቱ ሊያሳስታችሁ ይችላል፤ ጎማ ሳይዞር ግን መኪና አይንቀሳቀስም። መገንጠያ ስትደርሱ ነዳጁን ለቀቅ አድርጉና ጣታችሁን ፍሬን ላይ አኑሩ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ፍሬን እስክትይዙ 1 ሰከንድ ቢፈጅባችሁ፣ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ወደ 37 ሜትር ያስፈልጋችኋል። በ40 ከሆነ ወደ 20 ሜትር ይበቃል። ከፍጥነታችሁ አንድ ሦስተኛውን ስትቀንሱ የመቆሚያው ርቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። መስመራችሁ ውስጥ ቦታ ቀይሩ። ከመገንጠያው ራቅ በሉ። ትልቅ መኪና ጀርባ ተለጥፋችሁ አትምጡ፤ ሾፌሩ ትልቁን አሳልፎ ሲገባ የሚያገኘው እናንተን ነው።

መብራት በቀንም አብሩ። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ የሚያንጸባርቅ ወይም ደማቅ ልብስ በለበሱ ሞተረኞች ላይ ጉዳት የሚያስከትል አደጋ የመድረሱ ዕድል በ37 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። በቀን መብራት ያበሩት ላይ በ27 በመቶ፣ ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ላይ ደግሞ ጥቁር ካደረጉት ጋር ሲነጻጸር በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቁር ያምራል፤ አውቃለሁ። ግን መንገድ ላይ መታየት ይበልጣል።

ፍሬቻ ማመን

የመኪና ፍሬቻ የሚነግራችሁ አምፖሉ መሥራቱን ብቻ ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስና አፍንጫው መታጠፍ ሲጀምር ያኔ እመኑ።

የራሳችሁ ፍሬቻ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የአብዛኛው ሞተር ፍሬቻ እንደ መኪና በራሱ አይጠፋም። ታጥፋችሁ ትረሱታላችሁ፤ እሱ ብልጭ ብልጭ እያለ ይቀጥላል። ቀጣዩ መገንጠያ ላይ የቆመው ሾፌር «ይታጠፋል» ብሎ ይወጣባችኋል። እዚህ ላይ ጥፋተኛው እሱ ነው ማለት አይቻልም። መታጠፍ ስትጨርሱ አውራ ጣታችሁ በራሱ ጊዜ ማጥፊያውን እስኪጫን ድረስ ልማድ አድርጉት።

የፊት ፍሬን መፍራት

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል» የሚል ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። ጀማሪዎች የኋላውን ብቻ ረግጠው እየተንሸራተቱ መኪና ሥር ሲገቡ ሳይ እቆጣለሁ። እነሱን ሳይሆን ያንን ያስተማራቸውን ነው የምቆጣው።

ሞተር ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማ አስፋልቱን ይጫናል፤ የኋላው ይቀላል። ስለዚህ ዋናው የማቆም ጉልበት ያለው ፊት ነው። የኋላውን ብቻ ስትረግጡ የቀለለ ጎማ ነው የምትይዙት፤ ወዲያው ይቆለፍና ይንሸራተታል። ኸርትም ከ40 ዓመት በላይ በፊት ያገኘው ይህንኑ ነው። ሞተረኞቹ ሲደነግጡ ኋላውን ከልክ በላይ ይረግጡ ነበር፤ ፊቱን ግን በሚገባ አይዙትም ነበር።

የሚጥለው የፊት ፍሬኑ ሳይሆን አያያዙ ነው። በድንጋጤ ጭብጥ ስታደርጉት ክብደቱ ገና ወደ ፊት ሳይደርስ ጎማው ይቆለፋል። መጀመሪያ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ። ሞተሩ ከፊት ዝቅ ሲል ይሰማችኋል። ከዚያ ጨመር እያደረጋችሁ ጭመቁት። ይህ ሁሉ በቅጽበት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው፤ እጅ ግን ካልለመደ በአደጋ ሰዓት አያመጣውም። ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ፈልጉ። በ20 ጀምሩ፤ ቆይታችሁ በ30፣ ከዚያ በ40። መሪው ቀጥ ብሎ ብቻ ተለማመዱ። መሪ ታጥፎ ወይም አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን ጠበቅ አድርጎ መያዝ መውደቅ ነው። ሞተራችሁ ኤቢኤስ ካለው ጎማው እንዳይቆለፍ ይረዳችኋል። አሸዋውን ግን ጠርጎ አያነሳላችሁም።

ከከባድ መኪና ጎን መቆየት

የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁት እሱም አያያችሁም። ከጎኑ ወይ ቶሎ እለፉ ወይ ወደ ኋላ ቅሩ። ተሳቢ ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን መንገድ አይከተሉም። ወደ ውስጥ አሳጥረው ይቆርጣሉ። በተሳቢና በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መሃል ሾልካችሁ መብራት ላይ የምትቆሙ ልጆች፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ ይህን ተዉት። ያ ቦታ ሲታጠፍ ይዘጋል። መውጫም የለውም።

በቆሙ መኪኖች መሃል መፍጠን

መስመሩ ቆሞ ሳለ በመሃል ክፍተት የተወ መኪና ካያችሁ አንድ ነገር እያሳለፈ ነው። ከጎን የሚወጣ መኪና ሊሆን ይችላል፤ እናቱን ተከትሎ የሚሮጥ ሕፃንም ሊሆን ይችላል። ክፍተት ማለት ፍሬን ማለት ነው። መንገድ ዳር የቆመ መኪና ውስጥ ሰው ከታያችሁ ደግሞ በሩ ይከፈታል ብላችሁ እለፉ። የበሩን ስፋት ያህል ራቁ።

ሄልሜትን ሳያስሩ ማድረግ

ሄልሜት ስለማድረግ ልጽፍ አልነበረም። ግልጽ ነው ብዬ ነው። ግን አሁንም ክርናቸው ላይ አንጠልጥለው የሚነዱ አያለሁ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት) ግምገማ፣ ሄልሜት አደጋ በደረሰበት ሞተረኛ ላይ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል ብሏል። ክርን ላይ ያለ ሄልሜት ይህን አይሠራም። ማሰሪያው ያልታሰረውም በመጀመሪያው ምት ከራስ ላይ ይወጣል። በአደጋ አንዴ የተመታውን ደግሞ ከውጭ ደህና ቢመስልም ጣሉት። ምቱን የሚውጠው ከውስጥ ያለው ነጭ ፎም ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ቦታው አይመለስም። ከኋላ የምትጭኑትም ሰው ጭንቅላት አለው።

የመጀመሪያውን ዝናብ መናቅ

ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚጥለው ዝናብ አስፋልቱ ላይ የከረመውን ዘይትና አቧራ ያነሳዋል፤ ያኔ መንገዱ ከማንኛውም ጊዜ በላይ ያንሸራትታል። የተቀባ መስመርና የብረት ክዳን ላይ ፍሬን አትያዙ፣ ሞተሩንም አታጋድሙ።

የፈሩትን ነገር ማየት

ሞተር ዓይን ወዳለበት ይሄዳል። ጉድጓዱን አፍጥጣችሁ ካያችሁት ትገቡበታላችሁ። መውጫውን እዩ።

መበቀል

ይህ ከመጀመሪያው ቀጥሎ የሚያናድደኝ ነው። መኪና ሲገባባችሁ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ደም ይፈላል። ይገባኛል። ሊገድላችሁ ነበር። ከዚያ ግን ሞተረኛው ምን ያደርጋል? ተከትሎ ይደርስበታል። ስፖኪዮውን ይመታል። ወይም ቀድሞት ይገባና ፊቱ ላይ ፍሬን ይይዛል። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ውስጥ ከተቀመጠ ሰው ጋር ነው ጠብ የሚገጥመው። ሰውዬው መሪውን ትንሽ ቢያዞረው ነገሩ ያልቃል።

አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ጎበዝ ነጂ ነበር። የገባበትን ሾፌር ለመሳደብ አንገቱን አዞረ፤ እየተሳደበ ሳለ ከፊቱ የቆመውን ሌላ መኪና ከኋላ ገባበት። እግሩ ተሰበረ። የሰደበው ሾፌር ምንም ሳያውቅ ሄዷል።

ክላክስ ለስድብ አይደለም የተሠራው። አደጋው ከመድረሱ በፊት፣ «እዚህ ነኝ» ለማለት፣ አጠር አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ክላክስ ስታደርጉም ፍሬኑን አብራችሁ ያዙ። በክላክስ ተማምኖ ፍጥነት የማይቀንስ ሰው መኪናው ካልሰማው ሌላ ምርጫ አይኖረውም። ከኋላ ተለጥፎ የሚያስጨንቃችሁ ካለ ደግሞ አሳልፉት። ፊታችሁ ሲሆን ታዩታላችሁ፣ ትቆጣጠሩታላችሁ። ለጥቂት ከተረፋችሁና እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ሄልሜቱን አውልቁ፣ ውኃ ጠጡ። በንዴት የሚነዳ ሰው ቀጣዩን መኪና አያይም።

መብራት ላይ ቆሞ መርሳት

ቀይ መብራት ሲይዛቸው ብዙዎቹ ማርሹን ፎሌ (ነጻ) ያደርጉና እጃቸውን ፈታ አድርገው ስልካቸውን ያያሉ። ከኋላ የሚመጣው ሾፌርም ምናልባት ስልኩን እያየ ነው። በቆመ መኪናና በሚመጣ መኪና መሃል ነው ያላችሁት። ከፊታችሁ ካለው መኪና ልክ ኋላ አትቁሙ፤ ወደ ጎን ጠጋ ብላችሁ መሾለኪያ አስቀሩ። ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ አንደኛ ማርሽ ላይ ሁኑ። ዓይናችሁ ስፖኪዮ ላይ ይሁን። የኋላ መብራታችሁ እንዲታይ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ። አንድ መኪና ከኋላችሁ መጥቶ በደንብ ከቆመ፣ ከሱ ኋላም ሌላው ከቆመ፣ ያኔ ፎሌ አድርጋችሁ እጃችሁን ማሳረፍ ትችላላችሁ።