ጥይቱ ለምን ግራ ታች ይወርዳል? የምላጭ አሳሳብ ችግርና መፍትሄ

በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር የ10 ነጥቧ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጣት ምላጩን ሲስብ አፈሙዙን ትንሽ ካነቃነቀው ጥይቱ ከክቧ ይወጣል። ብዙ ጀማሪ ግን ዓይኑን ይጠረጥርና ማነጣጠሪያውን ደጋግሞ ይነካካል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ የዒላማ ወረቀቱን እዩት። ጥይቶቹ ተጠጋግተው ካረፉና ከመሃል ከራቁ ማነጣጠሪያውን አስተካክሉ። ከተበታተኑ ግን ጣታችሁን ፈትሹ። የምጽፈው ለቀኝ እጅ ተኳሽ ነው፤ ግራኝ ከሆናችሁ ግራና ቀኙን ገልብጡት።

ጥይቱ ግራ ታች ይወርዳል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። በአንድ እጅ የተያዘ ሽጉጥ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ይወዛወዛል። ተኳሹ መሃሉ ላይ እስኪደርስ ይጠብቅና «አሁን!» ብሎ ምላጩን ይመነጭቀዋል። ያኔ ጣት ብቻውን አይሄድም፤ መዳፉም አብሮ ይጨብጣል፣ አፈሙዙ ይወርዳል። የውድድር ሕጉ ምላጩ ከ500 ግራም ባነሰ ግፊት እንዲለቅ አይፈቅድም። ሽጉጡ ራሱ ደግሞ ከ1500 ግራም መብለጥ የለበትም። የክብደቱን ሲሶ ያህል ግፊት በአንዴ ካረፈበት መነቃነቁ አይቀርም።

መፍትሄው ውዝዋዜውን መቀበል ነው። ሽጉጡ መሃል አካባቢ እየተወዛወዘ ግፊቱን ቀስ እያላችሁ፣ ሳታቋርጡ ጨምሩ። ዓይናችሁ የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ይሁን። ምላጩ ሁለት ደረጃ ካለው (መጀመሪያ በቀላሉ ተስቦ ቆም የሚል፣ ከዚያ ተጨማሪ ግፊት ሲያርፍበት የሚለቅ ከሆነ)፣ ክንዳችሁን ወደ ዒላማው ስታወርዱ የመጀመሪያውን ጨርሱት።

ለዚህ ከነጭ ግድግዳ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ። ጥይቱን ከምትለማመዱበት ክፍል አውጡ። ያለ ጥይት መሳብ ይጎዳው እንደሆነም መመሪያውን እዩ። ከጀርባው ሰው ወደሌለበት ግድግዳ አነጣጥሩና ሳቡ። ዒላማ ስለሌለ የሚያጓጓችሁ ነገር የለም። ምላጩ ሲለቅ የፊት ማነጣጠሪያው ከዘለለ ጥፋቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ካልዘለለ አሳሳባችሁ ልክ ነው። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው።

ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል

የጣቱን አቀማመጥ እዩ። ምላጩ የጣት ጫፍ ሥጋ መሃል ላይ ይረፍ፤ ጣቱ የሽጉጡን ጎን አይንካ። ግፊቱ ቀጥታ ወደ ኋላ ይሁን።

ብዙ ካነጣጠሩ በኋላ ይበላሻል

ክንድም ዓይንም ደክሟል። ወደ 10 ሰከንድ ከቆያችሁና ካልለቀቀ አታስገድዱት፤ ሽጉጡን አውርዱ፣ ተንፍሱ፣ እንደገና ጀምሩ። ለ60 ጥይት 75 ደቂቃ ይሰጣል፣ ጊዜ አለ። ማውረድ የሚደፍር ተኳሽ ቶሎ ያድጋል ብዬ አምናለሁ።

ጥሩ ጥሩ ሲተኮስ ቆይቶ አንዱ ድንገት ይርቃል

ጣቱ ገና ጥይቱ ሳይወጣ ምላጩን ለቋል፣ ወይም ዓይን ውጤቱን ለማየት ቸኩሏል። ከተኮሳችሁ በኋላ ምላጩን እንደሳባችሁ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆዩ። የፊት ማነጣጠሪያው የት እንደነበር ለራሳችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ወረቀቱን እዩ።