ባች ፋይል የአማርኛ ስም ሲበላባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ጥር ሲገባ ሰርግ ይበዛል፣ ሰርግ ሲበዛ ደሞ ፎቶ የሚያነሱት ልጆች ፍላሽ ይዘው አራት ኪሎ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ "ባቹ ሪኔም አላደርግ አለኝ" እያሉ። ባች ማለት ዊንዶውስ ላይ ኮማንዶች በተራ የተጻፉበት፣ ሲከፈት ሁሉንም የሚሰራ ፋይል ነው፣ እነሱ የብዙ ፎቶ ስም ባንዴ ይቀይሩበታል። ስፔስ ያለው ስም ኮቴሽን እንደሚፈልግ ምናምን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ግን ፎልደሩን መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ ሬን (ስም የሚቀይረው ኮማንድ) የቀየረውን ስም ኮንትሮል ዜድ አይመልሰውም። ኮፒ አድርጉ!

"ኢረር የለም፣ አማርኛውም የለም"

ያሰለቸኝ ይሄ ነው። አንዱ ከካሜራው ዲኤስሲ 0001 እያለ የመጣውን ፎቶ ሰርግ 001 ሊለው ፈልጎ የወጣለት ዲኤስሲ 001 ሆነ፣ አራቴ ሞከረ ያው ነው፣ በቃ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ሊያስደርግ መጣ። ነገሩ ወዲህ ነው፣ ኖትፓድ ላይ ሴቭ ሲያደርግ ኤንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበትን መንገድ) ኤኤንኤስአይ ብሎታል፣ እዛ ውስጥ ደሞ የኛ ፊደል ስለሌለ ሰ፣ ር፣ ግ ሶስቱም ጥያቄ ምልክት ሆኑ። ሬን ደሞ አዲሱ ስም ውስጥ ጥያቄ ምልክት ካየ እዛ ቦታ የነበረውን ፊደል እንዳለ ይተወዋል፣ ስለዚህ የላቲኖቹ ሶስት ፊደሎች ንቅንቅ አላሉም። ኖትፓድ እኮ ፊደሉ ይጠፋል ብሎ አስጠንቅቆት ነበር! ማን አንብቦ፣ ኦኬ ነው።

መፍትሄው፦ ሴቭ አዝ ብላችሁ ዩቲኤፍ 8 ምረጡ፣ "ዊዝ ቦም" የሚለውን ግን እንዳትነኩ፣ ቦም (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚገባ የማይታይ ምልክት) ካለው የመጀመሪያው መስመር ላይ ኮማንዱን አላውቀውም ይላችኋል።

እዚህ ደርሰው ግማሹን ሰርተው የሚመለሱም አሉ። ዩቲኤፍ 8 አደረግኩ፣ አሁን ስሙ ሁሉ የጀርመን ቢ በሚመስል ፊደል እየጀመረ ጉድ ሆነ ይላሉ። አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ነው፣ ጥቁሩ የኮማንድ መስኮት በድሮው ኮድ ፔጅ (የፊደል ሰንጠረዥ) 437 ካነበበው እያንዳንዱን ባይት ለብቻው ፊደል ያደርገዋል፣ ሰርግ 9 ፊደል ሆነ ማለት ነው። ባቹ መጀመሪያ ላይ ካለው ኤኮ ኦፍ ከሚለው መስመር ቀጥሎ ሲኤችሲፒ 65001 የሚል መስመር ጨምሩ፣ በዩቲኤፍ 8 አንብብ ማለት ነው። ከዛ በኋላ መስኮቱ ላይ ሳጥን ሳጥን ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፣ የፎንቱ ጉዳይ ነው፣ ፎልደሩን ከፍታችሁ እዩት።

"ፎልደሩ አይኔ እያየው የለም ይለኛል"

ፎልደሩ ሠርግ፣ ስክሪፕቱ ሰርግ። ለኛ አንድ ነው ለኮምፒውተሩ አይደለም፣ ሀ ሐ ኀም እንደዛው። በዚች ንጉሡ ሠ ግማሽ ቀን በልቶብኛል፣ ስሙን ኮፒ ፔስት አድርጉ እንጂ አትጻፉት።

"ሰርግ ሰርግ ሰርግ 001"

ባዶ ፎር (ፋይሎቹን አንድ በአንድ የሚያዞረው ኮማንድ፣ ያለ ስላሽ ኤፍ) ስም እየቀየረ እዛው ፎልደሩን ስለሚያነብ አሁን የቀየረውን እንደ አዲስ ሊያነሳው ይችላል። ፎር ስላሽ ኤፍ አድርጋችሁ ዝርዝሩን በዲር ስላሽ ቢ (የፋይሎቹን ስም ብቻ የሚዘረዝር ኮማንድ) አስቀድማችሁ ስጡት።

የፎቶ ቁጥሩ 08 ላይ ሲቆም

ሴት ስላሽ ኤ (ሂሳብ የሚሰራው ኮማንድ) በዜሮ የሚጀምር ቁጥርን በስምንት ቤት ነው የሚቆጥረው፣ 8 እና 9 ደሞ እዛ የሉም። ከ1001 ጀምሩና የመጨረሻ 3 ዲጂት ውሰዱ።

ቃለ አጋኖ ያለበት ስም

ዲሌይድ ኤክስፓንሽን (በሁለት ቃለ አጋኖ መሃል ያለን ነገር የቫሪያብል ስም ነው ብሎ የሚያነብ ሴቲንግ) በርቶ ከሆነ ቃለ አጋኖውን ይውጠውና ፋይሉን አላገኘሁትም ይላል። ስሙን ቫሪያብል ውስጥ እስክታስገቡ አጥፉት ከዛ አብሩት። ፋይሉን "እልልል!!!" ብሎ ለሚሰይም ሰው ግን እኔ ሂሳብ እጨምራለሁ።