ከጎንደር ለመጣችሁ፦ ለአድቫይዘር የሚጻፍ የመጀመሪያ ኢሜይል

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጨርሳችሁ አሜሪካ ወይም ካናዳ ከገባችሁ፣ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲም ካሰባችሁ፣ ማመልከቻው ይቆይና መጀመሪያ ፕሮፌሰር ፈልጉ። በሳይንስ ዘርፎች የተማሪው ወጪ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው ከፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ ነው። ካናዳ ውስጥማ ብዙ ዲፓርትመንቶች እሺ ያለ አድቫይዘር፣ ማለትም ምርምራችሁን የሚመራ ፕሮፌሰር፣ ሳይኖር አይቀበሉም።

ኢሜይሉን በውዳሴ አትሙሉት። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደሠራችሁና ምን እንደምትፈልጉ በሁለት አጭር አንቀጽ ይለቅ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ቴሲሱን ሲቪ መጨረሻ ላይ የሚወሽቅ ሰው ነው። እስቲ አስቡት፦ በካላ አዛር (በጥገኛ ተሕዋሲ የሚመጣ በሽታ ነው) ላይ የሠራ ተመራቂ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርዶ የታመመውን የቀን ሠራተኛ አነጋግሯል፤ የስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን የ17 ቀን መርፌ ምን ያህል እንደሚከብድ በዓይኑ አይቷል። ጥገኛ ተሕዋሲውን በማይክሮስኮፕ ብቻ ለሚያውቅ ፕሮፌሰር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አስቀምጡት። ከዚያ የቅርብ ጊዜ ጽሑፉን አንብቡና "እኛ መተማ ላይ ያየነው ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?" የሚል የእውነት ጥያቄ አንሱ። ርዕሱን ብቻ አይቶ የጻፈ ወዲያው ይነቃበታል።

በመጨረሻ ለመጪው ዓመት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ፤ ሲቪና ትራንስክሪፕት አያይዙ። ሰኔ 2013 የተመረቀ ሰው 2021 ብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል። የአባት ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍም በፓስፖርቱም በዲግሪውም አንድ ይሁን።

በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንዴ አስታውሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። "የሚወስነው ኮሚቴው ነው" ካሏችሁ እንቢታ አይደለም፤ አሠራራቸው እንደዚያ የሆነ ዲፓርትመንቶች አሉ፣ አመልክቱ።

የብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ዲሴምበር አካባቢ ስለሚዘጋ ኢሜይሉ ከሴፕቴምበር ባያልፍ ጥሩ ነው። የሪኮመንዴሽን ነገር ደግሞ አለ። ደብዳቤው የሚገባበት ሊንክ ጎንደር ላሉት መምህራችሁ በቀጥታ ይላካል፣ ብዙ ጊዜም ስፓም ውስጥ ይገባል። በጂሜይል ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው አድራሻቸው ይመዝገቡ፤ ሊንኩ በተላከ ማግስት ደውላችሁ "ደረሰዎት ወይ?" በሉ፤ ስትደውሉም የሰዓቱን ልዩነት አስቡ፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እዚያ ተኝተዋል።