ትራክተሬን የሚያግላት ምን እንደነበር አገኘሁት

ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ትራክተሬ ማጨድ ከጀመርኩ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የሙቀት ጌጇ ቀይ ላይ ትደርስ ነበር። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በደህና ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ ከ105 ካለፈ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሊጣመም ይችላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ማቀዝቀዣው ራዲያተር የሚያሳልፈውን ቫልቭ) ነው። አውጥቼ ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ጣድኩት፤ 82 ላይ መከፈት ጀመረ። ደህና ነው። የፋኑ ቺንጋ አልላላም፣ ውሃም አልጎደለም።

ከራዲያተሩ ፊት ያለው ወንፊትም ንጹሕ ነው፤ ያታለለኝም እሱ ነው። ማታ ከፋኑ በኩል ባትሪ ሳበራ ግን ብርሃኑ ወደዚያኛው ወገን ዘልቆ አልታይ አለኝ። በራዲያተሩ ስስ የብረት ክንፎች መሃል ገለባና አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ተጋግሯል። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሁልጊዜ ከፊት እየነፋሁ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ስጠቀጥቀው ከርሜያለሁ።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በሳሙና ውሃ አርሼ ከፋኑ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ነፋሁት (ግፊቱ ከበዛ ክንፎቹ ይታጠፋሉ)። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። የወጣው ጭቃ ያሳፍራል።

አሁን ሙሉ ጭነት ይዛ 88 ላይ ትቆማለች። ሥራ ስጨርስም ወዲያው አላጠፋትም፤ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ (ያለ ጭነት፣ በዝቅተኛ ዙር) ትቆያለች።