የድሮ ጎልድዊንግ 1100 እና 1200 ባትሪ እየጨረሰ ሲያስቸግር፦ መጀመሪያ ሦስቱን ቢጫ ሽቦዎች እዩ

ይሄን የምጽፈው አንድ አይነት ብልሽት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስላላለቁልኝ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ በትርፍ ጊዜዬ የምሰራው የድሮ ሆንዳ ጎልድዊንግ ሞተር ሳይክል ነው፣ በተለይ ጂኤል 1100 (ከ1980 እስከ 83) እና ጂኤል 1200 (ከ84 እስከ 87)። አራት ሲሊንደሩ በጎን የተኛ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ካቴና የሌለው፣ በሻፍት የሚነዳ፣ አብዛኛው ኦሃዮ ሜሪስቪል የተገጣጠመ ጠንካራ እቃ ነው። ሞተሩ ዘይቱና ቺንጋው በሰዓቱ ከተቀየረለት በቀላሉ አይሞትም። የሚያስቸግረው ኤሌክትሪኩ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ውስጥም አንድ ቦታ። ባትሪ በቻርጀር ሞልቶ መለካት፣ የባትሪ ጫፍ ማጽዳት ምናምን የምታውቁት ስለሆነ አልገባበትም።

ምልክቱ

ጠዋት ጥሩ አድርጎ ይነሳል፣ ሀይዌይ ላይ ሰላም ነው፣ ቤንዚን ልትቀዱ አጥፍታችሁ መልሳችሁ ልታስነሱ ስትሉ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጣ ጣ ጣ ብሎ ይቀራል። ወይ ደግሞ ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ በሚኒሞ ሲሰራ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፍሬቻው ይንቀራፈፋል፣ አስፐንኬድ የሚባለው ሞዴል ከሆነ ሬዲዮው ይቆራረጣል። አዲስ ባትሪ ይገባለታል፣ ትንሽ ጊዜ ይሰራል፣ ከዛ ያው።

ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። አንዱ ባትሪ በባትሪ ላይ እየገዛ ይከስራል። ሌላው ጋራዥ ይወስደዋል፣ «ስታተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ) ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» ይሉታል፣ የሚጠየቀው ሂሳብ ሳይክሉን ከገዛበት ይበልጣል፣ ተስፋ ቆርጦ በርካሽ ይሸጠዋል። ስታተር ለመቀየር ሞተሩ ይወርዳል የሚባለው እውነት ነው፣ በነዚህ ሳይክሎች ስታተሩ ከሞተሩ ኋላ ሽፋን ውስጥ ዘይት እየነካው ነው የተቀመጠው፣ ሞተሩን ከፍሬሙ ሳታወጡ አትደርሱበትም። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሳይለኩ መፍረዳቸው ነው። ቴስተር ማውጣት አስር ደቂቃ አይፈጅም!

መለካት

ባትሪው ሞልቶ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ባትሪው ጫፍ ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካነበበ ቻርጁ ጤነኛ ነው፣ ችግራችሁ ባትሪው ራሱ ወይ ጠፍቶ ሳለ የሚጠባ ነገር ነው። ዙር ስትጨምሩ 12 ምናምን ላይ ከቀረ ወይም ጭራሽ እየወረደ ከሄደ ቻርጅ የለም። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ (ወደ ባትሪ የሚሄደውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ነው፣ ወይም ሬጉሌተሩ ቮልት የሚያነብበት ጥቁሩ ሽቦ በቆሸሸ የቁልፍ ማብሪያ በኩል አልፎ ዝቅ ያለ ቮልት እያሳየው ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አገር ቤት የለመድነው ነገር አለ፣ ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ጫፍ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሰራል» ማለት። እዚህ ሳይክል ላይ በፍጹም አታድርጉት። ባትሪው ሲነሳ ቮልቱ ወደ ላይ ይዘላል፣ አምፖል፣ ሬዲዮ፣ የኢግኒሽን ሳጥን ይዞ ይሄዳል። የ1100ና የ1200 ኢግኒሽን ፑንቲና የለውም፣ ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ሳጥኑ ከሄደ ደግሞ ያገለገለ ፍለጋ ነው የምትገቡት።

ዋናው ጥፋተኛ፦ የቢጫዎቹ ሶኬት

በግራ በኩል የጎን ሽፋኑን አንሱ። ከሞተሩ ኋላ የሚወጡ ሦስት ቢጫ ሽቦዎች አሉ፣ ከስታተሩ ነው የሚመጡት፣ ተከተሏቸው። ነጭ የነበረ የፕላስቲክ ሶኬት ጋ ያደርሷችኋል። «የነበረ» የምለው አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ሆኖ ነው የማገኘው፣ አንዳንዴ ቀልጦ ወንዱና ሴቱ አንድ ላይ ተጣብቀው። ከውጭ ንጹህ የሚመስለውን ግን አትመኑት፣ ነቅላችሁ ውስጡን እዩ፣ አንዷ እግር ብቻዋን ጠቁራ፣ ዙሪያዋን ያለው ፕላስቲክ የተቃጠለ ሽታ ይዞ ታገኟታላችሁ።

ለምን ይቃጠላል? ሶኬቱ አርባ አመት ገደማ ሆኖታል፣ የመዳቡ ፊት ኦክሳይድ ሆኗል፣ ስፕሪንጉ ላልቷል። 20 አምፔር የሚያልፍበት ቦታ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢጨመር 40 ዋት ሙቀት ይወጣል፣ ይሄ ማለት አንድ የስታኞ ብረት ሶኬቱ ውስጥ ሰክታችሁ እየነዳችሁ ነው። የባሰው ደግሞ ሲሞቅ የበለጠ ኦክሳይድ ይሆናል፣ የበለጠ ሲሆን የበለጠ ይሞቃል፣ በመጨረሻ አንዷ መስመር ትቋረጥና ሸክሙ በሁለቱ ላይ ይወድቃል። ፋብሪካው የገጠመው ሬጉሌተር ደግሞ የተረፈውን ኃይል ወደ ማሳ (ወደ ሳይክሉ አካል) የሚደፋ አይነት ስለሆነ ስታተሩ መብራት ብታጠፉለትም አያርፍም፣ ሁሌ በሙሉ ጉልበቱ ነው የሚሰራው። እና ሶኬቱን ችላ ያለ ሰው ውሎ አድሮ ስታተሩን ራሱን ይገድለዋል፣ ያኔ በእርግጥም ሞተሩ ይወርዳል።

አንድ የ86 አስፐንኬድ ያለው ሰው በአንድ በጋ ባትሪ ቀይሮ ቀይሮ መጨረሻ ላይ ሞተሩ ይውረድ ተብሎ፣ ሳይክሉን ለሽያጭ ሊለጥፈው ሲል በጓደኛው በኩል እኔ ጋ መጣ። ባትሪው ላይ 12.2። ሽፋኑን አንስቼ ሶኬቱን ስጎትተው ግማሹ እጄ ላይ ቀረ፣ ሌላው ግማሽ ሽቦው ላይ ከሰል ሆኗል። ስታተሩን ለካሁት፣ ሦስቱም እኩል፣ ጤነኛ። ቆርጬ በስታኞ በየድኩት፣ 14.2 ሆነ። ሰውየው እዛው መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ለባትሪና ለምርመራ ያወጣውን ብር እያሰበ።

ሌላው ደግሞ ስካይላይን ድራይቭ ላይ የቆመው ልጅ ነው። እዛ መንገድ 105 ማይል ሙሉ ፍጥነቱ በ35 የተገደበ ነው፣ ዙሩ ዝቅ ይላል፣ ስታተሩ ብዙ አያመነጭም፣ ልጁ ደግሞ ከፊት ሁለት ትልልቅ ተጨማሪ መብራት ገጥሟል፣ ጉም ነበርና ሁሉንም አብርቶ ነበር የሚሄደው። በዛ ላይ የሱ ሳይክል ሶኬት «ተሰርቷል»። ማን እንደሰራው አላውቅም፣ ሦስቱን ቢጫ ሽቦ ለቤት መብራት በሚሆነው ጠምዝዘው በሚከድኑት የፕላስቲክ ቆብ ነው ያያያዘው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ! አንዱ ቆብ ወድቆ ሽቦው ፍሬሙን እየነካ ብልጭ ብልጭ ሲል ነው የደረስኩት። ታንከሩ እኮ በዚህ ሳይክል ላይ ከመቀመጫው ስር ነው፣ ከላይ ያለው የውሸት ታንከር ነው፣ ያ ሽቦ ከቤንዚኑ ምንም ያህል አይርቅም። ሰው የሌላ ሰው ልጅ የሚነዳውን ነገር እንዲህ አድርጎ ሰርቶ እንዴት ገንዘብ እንደሚቀበል አይገባኝም።

እንዴት እንደሚሰራ

ባትሪውን ፍቱ፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ ካርቡሬተር የሚያንጠባጥብ ከሆነ የስታኞ ብረት አትሰኩ፣ መጀመሪያ እሱን ስሩ፣ ከዛ ውጭ ወይም በሩ ክፍት የሆነ ቦታ ላይ ብቻ። ቻርጅ ላይ የቆየ ባትሪም የሚቀጣጠል ጋዝ ይተፋልና ከአጠገቡ አንሱት። ይሄን ማንም እንዳይዘለው!

ሶኬቱን ከሁለቱም በኩል ቆርጣችሁ ጣሉት። አዲስ ሶኬት አትግዙለት፣ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ርካሽ ሶኬት ከአሮጌው ቀጭን ነው፣ በአንድ ክረምት ያው ይሆናል። ሽቦውን ላጡትና መዳቡን እዩ፣ ጥቁር ከሆነ ስታኞ አይዘውም፣ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክታገኙ ትንሽ ትንሽ እየቆረጣችሁ ሂዱ። ካጠረባችሁ በወፍራም ሽቦ ቀጥሉት፣ ከነበረው የቀጠነ አታስገቡ። ከመጠምዘዛችሁ በፊት ሂት ሽሪንኩን (ሲሞቅ የሚጠብቀውን የፕላስቲክ ቱቦ) ሽቦው ላይ አስገቡ፣ ሁሉም ሰው ይረሳዋል። ሁለቱን ጫፎች አጠላልፋችሁ አጥብቃችሁ ጠምዝዙ፣ ጥንካሬው ከጥምዝዙ ይምጣ። ፍላክሱ (ስታኞው እንዲይዝ የሚረዳው ቅባት) የኤሌክትሮኒክስ ሮዚን ይሁን፣ ቧንቧ ሰራተኞች የሚጠቀሙት አሲድ ያለበት ፍላክስ ሽቦውን ከውስጥ አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። ብረቱ 60 ዋትና ከዛ በላይ ይሁን፣ ለሬዲዮ የሚሆነው ትንሹ ይሄን ሽቦ አያሞቀውም፣ ስታኞው ላዩ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል፣ ያ ብየዳ አይደለም። ስታኞውን ብረቱ ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ አቅልጡት፣ እንደ ውሃ ውስጡ ሲገባ ታዩታላችሁ።

ሦስቱን መገጣጠሚያዎች ጎን ለጎን አታድርጓቸው፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አድርጉ፣ አንዱ ቢላጥ እንኳ ሌላውን እንዳይነካ። የትኛው ቢጫ ከየትኛው ቢጫ ይሁን ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው። ጥቁር ፕላስተር ብቻ ጠቅልሎ መተው አይሆንም፣ ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጥና ይፈታል። በመጨረሻ በዚፕ ታይ ከፍሬሙ ጋር እሰሩት፣ ንቅናቄ ብየዳን ይሰብራል።

ከዛ 20 ደቂቃ ነድታችሁ እንደገና ለኩ። ሲሞቅ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ሶኬቱ ተስተካክሎ አሁንም ቻርጅ ከሌለ

ሦስቱን ቢጫዎች ከሬጉሌተሩ ለዩ፣ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጉ፣ 3000 ዙር ላይ ሁለት ሁለቱን እያደረጋችሁ ለኩ። ከ50 ቮልት በላይ መሆን አለበት፣ ከቁጥሩ የሚበልጠው ግን ሦስቱ ንባቦች እኩል መሆናቸው ነው። ይሄ ቮልት ይነዝራል፣ ባዶ ጫፍ በጣት አትያዙ። ከዛ አጥፍታችሁ ከእያንዳንዱ ቢጫ ወደ ሞተሩ አካል ኦም ለኩ፣ ምንም መገናኘት የለበትም። በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ኦም እያነበባችሁ ስታተር አትፍረዱ፣ ከአንድ ኦም በታች ስለሆነ ርካሽ ቴስተር አይለየውም።

ስታተሩ ጤነኛ ከሆነ ሬጉሌተሩ ነው፣ ወይም ከሬጉሌተሩ ወደ ባትሪ የሚሄደው መስመር። እየሰራ ከሬጉሌተሩ ቀይ ሽቦ እስከ ባትሪ ፖዘቲቭ ድረስ ከ0.3 ቮልት በላይ ከጠፋ መንገዱ ላይ የቆሸሸ ነገር አለ። አረንጓዴው ማሳ ነው፣ እሱንም እንደዛው። ሬጉሌተር መቀየር ካለባችሁ ስታተሩን የሚያሳርፈውን ሲሪስ (series) የሚባለውን አይነት ግዙ፣ ገንዘቡ አያስቆጭም።

ሁሉም ነገር ድንገት ጠፍቶ ጉድጓድ ስትመቱ ከተመለሰ ሞተሪኖ ሪሌው ላይ በሁለት ብሎን የታሰረችውን የ30 አምፔር ጠፍጣፋ ፊውዝ እዩ፣ በአይን የማይታይ ስንጥቅ ይኖራታል። አውጥታችሁ 30 አምፔር የመኪና ፊውዝ ከነቤቱ ግጠሙ። በሽቦ አትዝለሏት!

ስታተሩ በእርግጥ ከሞተ

ያኔ ሞተሩ ይውረድ። አንዳንዶች ፊት ለፊት ክራንኩ ላይ በቺንጋ የሚዞር ትንሽ የመኪና ዲናሞ ይገጥማሉ፣ የፊት ሽፋን መቁረጥ ይጠይቃል፣ በደንብ ከተሰራ ጥሩ ነው፣ ብዙ መብራት ለሚጭን ሰው እንዲያውም ይሻላል። ሞተሩን ካወረዳችሁ ግን ስታተር ብቻ ቀይራችሁ አትመልሱት። ፋብሪካ የሰራውን ወይም በደንብ የተጠቀለለ ስታተር ግዙ፣ ርካሹ ቶሎ ነው የሚከዳው፣ እንደገና ማውረድ ሊመጣባችሁ ነው። የኋላውን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ)፣ ጓርኒሲዮኑን፣ የውሃ ጎማዎቹን ቀይሩ። የሞተሪኖውን ክላች እዛው እዩ፣ ከሮተሩ ጋ ስለሆነ ሌላ ጊዜ አታገኙትም። የውሃ ፓምፑ ከታች ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የሚያንጠባጥብ ከነበረ እሱንም። የሻፍቱን ጥርሶች በሞሊ ፔስት ቀቡ፣ ተራ ግራሶ እዛ አይቆይም፣ ደርቀው የተላጩ ጥርሶች ብዙ አይቻለሁ።

የታይሚንግ ቺንጋዎቹ ሁለት ናቸው፣ ከፊት። መቼ እንደተቀየሩ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ማይሉን አትዩ፣ ቀይሯቸው፣ ጎማ በእድሜም ያረጃል። ይሄ ሞተር ቺንጋው ሲበጠስ ወይም ሲዘል ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል፣ ከዛ በኋላ የምታስቡት ሌላ ሞተር ስለመግዛት ነው። የታይሚንግ ምልክቶቹን ሳታጋጥሙ አሮጌውን ቺንጋ አታውጡ፣ ቺንጋው ወጥቶ ሳለ ክራንኩንም ካሙንም አትንኩ፣ ባትሪው ተፈትቶ ይቆይ፣ ሰው ሳያውቅ ቁልፍ አዙሮ ሞተሪኖውን ቢያስነሳ አለቀ። አዲሱን ገጥማችሁ ካጠበቃችሁ በኋላ ካንዴላዎቹን አውጡና ክራንኩን በመፍቻ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር በቀስታ አዙሩት፣ የሚያግድ ነገር ከተሰማችሁ አቁሙ፣ አትግፉት፣ ምልክቱ አልገጠመም ማለት ነው። ሁለት ዙር ዞሮ ምልክቶቹ ሁሉ ተመልሰው ከገጠሙ ካንዴላውን መልሱ፣ ባትሪውን እሰሩ፣ ያኔ አስነሱት።